«50 ዓመት ያለፈው ሸክላ የማንም ነው» እንዴት ይባላል?

የሸክላ ወዳጅ፦
ትናንት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ስለ ድሮ ዘፈን ሲወራ እንግዳው ምን አለ መሰላችሁ? «50 ዓመት ያለፈው ሸክላ የማንም ነው። ገልብጣችሁ ብትሸጡትም የሚጠይቃችሁ የለም።» አዘጋጁም አመስግኖት ወደ ዘፈን አለፈ። ደሜ ነው የፈላው። የቅጂ መብት ሕጉ፣ አዋጅ 410/1996 ውስጥ 50 ዓመት የሚል ነገር መኖሩን አልክድም። ግን እሱ የተቀመጠው ሸክላውን ላሳተመው፣ ለዘፋኙና ለተጫዋቾቹ ነው። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት ዕድሜ ልካቸውን ቆይቶ፣ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ሌላ 50 ዓመት ለወራሾቻቸው ይሄዳል። አንድ ሸክላ ላይ የሦስት የአራት ሰው መብት አለ። የአንዱ ጊዜ ስላለቀ የሁሉም አለቀ ማለት ሕዝብ ማሳሳት ነው።

አራት ኪሎ፦
ጋሼ፣ ሰውዬው ያወራው ስለ ሸክላ እኮ ነው። ግጥሙ የማንም ነው አላለም። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፣ 50 ዓመት ከሞላው ቆየ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አውጥቷል። አሁን የት ነው ያለው? በየሰው ቤት አልጋ ስር ተጭሮ፣ ተሰነጣጥቆ። ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሰው ሲገኝ መመስገን ሲገባው በሕግ ታስፈራሩታላችሁ።

የሸክላ ወዳጅ፦
«ስለ ሸክላ እኮ ነው» ትላለህ። ሸክላው ውስጥ ምን አለና? ግጥሙንና ዜማውን ካወጣህለት የሚቀረው ፕላስቲክ ነው፣ እሱን ማን ይገዛሃል? ምሳሌ ልስጥህ። አለማየሁ እሸቴ ያረፈው በ2013 ዓ.ም. ነው። ራሱ የደረሰው ዜማ ካለ እስከ 2063 ድረስ የወራሾቹ ነው። ሁለት ሰው በጋራ የሠራው ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው ኋላ ከሞተው ጀምሮ ነው። ይህን ሬዲዮ ላይ ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የገጣሚ ልጅ፦
እኔ ሬዲዮውን አልሰማሁትም፣ አሁን እዚህ ሳነበው ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ግጥም ይጽፍ ነበር። የሚከፈለው አንዴ ነው፣ እሱም ሲያገኙት። ቤታችን ያለ አንድ ሸክላ አለ። መሀሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት የዘፋኙን ስም በትልቁ፣ የዘፈኑን ርዕስ ከስር፣ የባንዱን ስም ደግሞ በደቃቁ ጽፋለች። የአባቴ ስም የለም። ግጥሙ በእጁ የተጻፈበት ደብተር ግን እናቴ ጋ አለ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር። እናቴ ያን ዘፈን ታክሲ ውስጥም ሠርግ ላይም ትሰማዋለች። እና አሁን የማንም ነው? እናቴ ማንም ናት?

አራት ኪሎ፦
እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ግን የአባትሽን ድርሻ አልበላሁም። ስሙን ሳይጽፍ ያሳተመውን ሰው ጠይቂ። እኔ ሸክላውን ሳገኘው ስም የለበትም። ከየት አምጥቼ ልጻፍ?

የዲሲ ልጅ፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አዲስ አበባ ሕግ ነው። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአባቴን ሸክላዎች እየገለበጥኩ ዩቲዩብ ላይ ጫንኳቸው። አንዱ ባደረ በማግስቱ ታገደ፣ ባለመብት ነኝ ያለው ደግሞ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የውጭ ድርጅት ነው። ያኔ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ የካቲት 1972 አጋማሽ የተቀረጸ ድምፅን እስከ 2067 እ.ኤ.አ. ይጠብቃል። አውሮፓ ደግሞ ለድምፅ ቅጂ 70 ዓመት ነው የሚሰጡት። እና ሬዲዮ ላይ «የማንም ነው» የተባለውን ሰምቶ ኢንተርኔት ላይ የሚጭን ልጅ እዚህ ሲደርስ ጉድ ይሆናል።

አራት ኪሎ፦
ይኸው መጣ! ድርጅቱ ማን ነው? የዘፋኙ ቤተሰብ ነው? አይደለም። የእኛን ዘፈን ፈረንጅ ይዞት እኛን ያግደናል። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አዋጁን የምትጠቅሱት እኛ ላይ ብቻ ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦
ፈረንጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ ዘፈኖቻችንን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ሲያወጣ አሜሪካ ከነበረው ከአምሃ ጋር ተዋውሎ ነው። በዚያ ምክንያት ነው ዓለም ማህሙድ አህመድንና ሙላቱ አስታጥቄን የሰማው። የሙላቱ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ የገባው ማንም ገልብጦ ስለሸጠው አይደለም።

አራት ኪሎ፦
አምሃን ካነሳህ አይቀር ሙሉውን ተናገር። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የሀገር ፍቅር ብቻ ነው ተብሎ ነበር። አምሃ ትእዛዙን ጥሶ ነው የጀመረው። ያን ጊዜ ሕግ ፈርቶ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ሸክላም አይኖርም።

የሸክላ ወዳጅ፦
አምሃ የጣሰው ሌላው እንዳይሠራ የሚከለክለውን ትእዛዝ ነው። ከኪሱ አውጥቶ ዘፋኝና ባንድ ከፍሎ፣ ውጭ አገር አሳትሞ። የሰው ሥራ ገልብጦ አልሸጠም። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው፣ ያሳዝናል።

ባለ ክራር፦
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ትዝታ የማን ነው? አንድ የሰፈራችን ልጅ ትዝታ በክራር ተጫውቶ ቢለቅ ሪፖርት ተደረገበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ከአያት ቅድመ አያት የመጡ ናቸው። እነዚህን እንኳ የማንም አይደሉም ልትሉን ነው?

አዋጅ አንባቢ፦
ቅኝቱም የቆየው ዜማም የሁላችን ነው፣ ማንም አይይዘውም። ያ ልጅ አንድ የታወቀ ዘፋኝ ያሠራውን ቅንብር ከነመግቢያው ወስዶት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አዲስ የተጻፈ ግጥምም የጸሐፊው ነው።

ባለ ክራር፦
ክራር ብቻውን ነው ያልኩት። ምን ቅንብር አለ?

አዋጅ አንባቢ፦
እንግዲያው ሪፖርቱ ያለ አግባብ ነው፣ ይከራከር። ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። መቅዳት ሁሉ ወንጀል ነው ያለ የለም። አዋጁ አንቀጽ 9 ላይ አንድ ሰው ለግሉ የወጣን ሥራ አንድ ቅጂ ቢገለብጥ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል። በኖታ የተጻፈ ሙዚቃን ግን አይጨምርም። ስለዚህ አራት ኪሎ ሸክላውን ለራሱ ቢቀዳው ማንም አይነካውም። መርካቶ ተቀምጦ ለመጣ ሰው ሁሉ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭነው ግን በዚህ ስር አይገባም።

አራት ኪሎ፦
አንድ ቅጂ? ስልኬ ላይ አንድ፣ መኪናዬ ፍላሽ ላይ አንድ፣ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ። ሦስት ሆነ። ወንጀለኛ ነኝ?

አዋጅ አንባቢ፦
ፊደሉ አንድ ነው የሚለው። ለራስህ ስለሰማኸው ግን ማንም ቤትህ ድረስ አይመጣም። የእኛ ጭቅጭቅ «ብትሸጡትም» ያለው ላይ ነው፣ እሱን አትሽሸው።

የዲሲ ልጅ፦
አንድ የገባኝ ነገር ልጨምር። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሰዎች ወታደር ነበሩ፣ ደመወዝተኛ። በቅጥር ላይ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ውል ከሌለ የአሠሪው ነው ይላል አዋጁ። ክብር ዘበኛ ደግሞ ከንጉሡ ጋር አብሮ ፈርሷል። የዚያ ሁሉ ዘፈን ባለቤት ማን ሊባል ነው?

የሸክላ ወዳጅ፦
የደራሲው ቤተሰብ ነዋ!

አዋጅ አንባቢ፦
በስሜት አይሆንም፣ ጋሼ። አሠሪው ሲፈርስ መብቱን የተረከበው መንግሥት ነው ብሎ የሚከራከርም አለ።

የገጣሚ ልጅ፦
መንግሥት መጥቶ የአባቴን ደብተር ይውሰደዋ! እናንተ በአንቀጽ ትጨቃጨቃላችሁ። ያ ሬዲዮ እነዚህን ዘፈኖች ጠዋት ማታ ያጫውታል፣ በመሀሉ ማስታወቂያ ያስገባል። በ2007 ዓ.ም. በወጣው የአዋጁ ማሻሻያ፣ በአዋጅ 872፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራቸውን ከሚጠቀምበት ክፍያ መሰብሰብ ይችላሉ ተብሏል። እና «የማንም ነው» ሲባል ማን ይጠቀማል? የማይከፍለው ነው። አዘጋጁ ዝም ያለው ሳያውቅ ነው ብዬ አላምንም።

አራት ኪሎ፦
ሮያሊቲው ቢሰበሰብስ እናትሽ ጋ ይደርሳል ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ አላምንም። እስከዚያ ሸክላው ያልቃል። እኔ መገልበጤን አላቆምም።

የገጣሚ ልጅ፦
ገልብጥ፣ ማን አቁም አለህ? ስትለቀው ግን «ግጥም፦» ብለህ የአባቴን ስም ጻፍበት። ስም የመጠራት መብት አዋጁም ውስጥ አለ፣ ገንዘብ አይፈጅብህም።

አራት ኪሎ፦
የትኛው ዘፈን ነው? የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና እጽፋለሁ። የሌሎቹን ግን ማን ይነግረኛል?

የሸክላ ወዳጅ፦
ሳታውቅ ከሆነ አትሽጥ!

አራት ኪሎ፦
ጋሼ፣ ሸጥኩ ያልኩት የት ላይ ነው? ጥቀስልኝ።

ባለ ክራር፦
የልጁ ቪዲዮ እስካሁን እንደታገደ ነው። የት ነው የሚከራከረው?