የሬዲዮ ድረ ገጻችን የሰው ዳታ እየጨረሰ ነው፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ጓዶች። ለአንድ የሕዝብ ሬዲዮ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ቀጥታ ስርጭቱ የሚወጣው በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ነው። ትናንት ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት ስልካቸውን ሰጥተውኝ ከፈትኩላቸው። ሁለት ቃል ይልና ይቆማል፣ ብዙም ሳይቆይ የሞሉት ካርድ አለቀ። አንጀቴን በሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ 128 ለንግግር ይበዛል። በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በሞኖ (በአንድ ቻናል ድምፅ) 48 አድርገው፣ ወደ 22 ይወርዳል፣ ድምፁም ደህና ይሰማል። ሙዚቃ ለሚፈልግ ሌላ ሊንክ ጨምርለት።

መልስ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
ሰዓቱንም እይ። ብዙ ሰርቨር የሚቆጥረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፣ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በዚያ ላይ አድማጭ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የሚለው በ24 ሰዓት አቆጣጠር የእኛ 20፡00 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ 17፡00። ዳታቤዙ ውስጥ ዩቲሲ ብቻ ይቀመጥ፣ ወደ ሐበሻ ሰዓት የሚቀየረው ገጹ ላይ ይሁን።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፍለጋውስ? «ፀሐይ» ብለው ሲጽፉ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን አያመጣም።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦
ሲመዘገብም ሲፈለግም ፀን ወደ ጸ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ መልሳቸው። ርዕሱን ግን ጋዜጠኛው እንደጻፈው አሳየው፣ እሱን እንዳትነካበት።