ዛፉ ላይ ያለችው ልጅ ከየት መጣች?

የፒያሳ ልጅ፦ የቅዱስ ጊዮርጊስን ስዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከሥር የሚገላበጥ ደራጎን። ዛፉ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ሙጥኝ ያለች ልጅ አለች፣ ብሩታዊት። ልጃገረድን ለዘንዶ መገበር የሚባለው ነገር ከየት መጣ? እኔ ከግሪክ ነው ባይ ነኝ። አንድሮሜዳ፣ የ«ኢትዮጵያ» ንጉሥ ልጅ፣ እናቷ በውበት ስለተመጻደቀች የባሕር አውሬ ተላከባቸው፣ እሷም ቋጥኝ ላይ በሰንሰለት ታስራ ጀግናው ፐርሴዎስ ደረሰላት። ቋጥኙ ያፋ ነው ይባል ነበር፣ የዛሬዋ እስራኤል ወደብ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፣ የሰንሰለቱ ምልክት እዚያ እንደሚታይ ጽፏል። የጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳ ደግሞ ከያፋ 20 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። ተረቱ በእግሩ ሄዷል በቃ።

ባለማሲንቆ፦ ቀስ በል ወንድሜ። በጥንቶቹ የጊዮርጊስ ገድሎች ስቃዩ ነው እንጂ ዘንዶ የለም፤ ዘንዶው ብቅ የሚለው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። እስከዚያ የት ተኝቶ ነበር? ደሞ እኛ ዘንዶ አላጣንም። በትግራይ በሚተረከው ሰው ሁሉ በየተራው የበኩር ሴት ልጁን ከጠላና ከወተት ጋር ለዘንዶው ያቀርባል። እተየ አዜብ ተራዋ ደርሶ ዛፍ ላይ ታሰረች። ሰባት ቅዱሳን ከሥሯ ጥላ ፍለጋ አረፍ አሉ፣ ዕንባዋ ጠብ ሲልባቸው ቀና ብለው አይዋት። ዛፍ ላይ! ይሄን ከግሪክ ነው ልትለኝ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ቅዱሳን ካሉበት እሱም ከጊዮርጊስ ስዕል የተቀዳ ቢሆንስ?

ባለማሲንቆ፦ እ... እሱስ ይሆናል። አርዌ ራሱ፣ የእኛው ተረት ዘንዶ፣ ግን የቆየ ነው።

ቲቸር፦ ሁለታችሁም ስዕሉ ላይ ተጣበቃችሁ። ጃፓን ስምንት ራስ ያለው ዘንዶ፣ ኦሮቺ፣ ከስምንት እህትማማቾች ሰባቱን በልቶ፣ ስምንተኛዋ ላይ ሱሳኖዎ የሚባል አምላክ በመጠጥ አስክሮ አረደው። በ712 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። እዚያ ድረስ ፐርሴዎስን ማን ወሰደው? እኛ «ገበረ» ስንል ቀረጡንም ነው፣ ለዘንዶ የሚሰጠውንም ነው፤ ነገሩ እዚያች ቃል ውስጥ አለ። በየተራ፣ በዕጣ፣ ከየቤቱ። ይሄ የቀረጥ አሰባሰብ አይደለም እንዴ? ቻይናን እዩ። ጥንት ዬ በምትባል ከተማ በየዓመቱ ለወንዙ አምላክ ሙሽራ ይጥሉ ነበር። ሹማምንቱ በዚያ ሰበብ ከሕዝቡ ገንዘብ ሰብስበው፣ ለሠርጉ ጥቂት አውጥተው የቀረውን ይካፈሉታል። ሺመን ባኦ የሚባል ገዢ ተሾመና ሙሽራዋን አየት አድርጎ «ቆንጆ አይደለችም፤ የተሻለች እስክንፈልግ ጠብቅ ብለሽ ንገሪልን» ብሎ ጠንቋይዋን ባልቴት ወንዝ ውስጥ አስወረወራት። ስትቆይበት ደቀ መዛሙርቷን አስከተለ።

ባለማሲንቆ፦ ኧረ ገደለን ሰውዬው 😂

የፒያሳ ልጅ፦ ቻይናው ተመችቶኛል። ግን ቲቸር፣ አንድሮሜዳ እኮ በዕጣም በተራም አልወጣችም፣ በእናቷ አፍ ነው የታሰረችው። እዚያ ላይ ቀረጡን የበላው ማነው?