ቡናውን የቀየረችው ሳሚ፦ የጃፓን አኒሜ ሮቦቶች ለምን ቤት ውስጥ ናቸው?

የምሽት_ተረኛ

ሰላም ቤተሰብ።

የምሠራው ማታ ነው። የአንድ ድርጅት ሰርቨር ክፍል እጠብቃለሁ። የተበላሸ ነገር ከሌለ እስኪነጋ ስልኬ ላይ አኒሜ (የጃፓን የሥዕል ፊልም) አያለሁ። ሰሞኑን «ታይም ኦፍ ኢቭ»ን ጨረስኩ። ያሱሂሮ ዮሺዑራ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በስድስት አጫጭር ክፍሎች ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ በ2010 ደግሞ ፊልም ሆነ።

ላላያችሁት፦ ሪኩኦ የሚባል ተማሪ ቤት አንዲት አንድሮይድ፣ ሰው መስላ የተሠራች ሮቦት፣ አለች። ስሟ ሳሚ ነው (ሴት ናት፣ የሳሙኤል ሳሚ እንዳይመስላችሁ)። ቁርጥ ሰው ናት። የሚለያት ከአናቷ በላይ የሚያበራ ቀለበት ብቻ ነው። ሪኩኦ ያዛታል፣ እሷ ትታዘዛለች። አመሰግናለሁ ብሎ ነገር የለም። በታሪኩ ዓለም ለአንድሮይድ መራራት ያሳፍራል። እንደዚያ ለሚያደርግ ሰው የስድብ ስም ሳይቀር ወጥቶለታል።

አንድ ቀን ቡና ታቀርብለታለች። ሲቀምሰው ጣዕሙ ተለየበት። ቅልቅሉን የቀየረችው ራሷ ናት።

በኋላ የሥራ መዝገቧን ሲያይ እሱ ያላዘዛት ቦታ ሄዳለች። ተከትሎ ሲሄድ አንድ ካፌ ያገኛል። በሩ ላይ አንድ ሕግ ተጽፏል፤ እዚህ ውስጥ ሰውና ሮቦትን መለየት ክልክል ነው። ቀለበቱ እዚያ ይጠፋል። ማን ምን እንደሆነ አታውቅም።

ጥያቄዬ ይኸውና። ከሆሊውድ የምናውቀው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ሊያጠፋን ነው የሚመጣው። ጃፓኖቹ ጋ ግን ማሽኑ ኩሽና ውስጥ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጅ ይዞ ይሄዳል። ለምን? ሌላስ ምን ልይ? ደግሞ ያ የቡናው ነገር ሁለት ሌሊት አልለቀቀኝም። እናንተንስ?

አቶም63

ሰላም ተረኛ። ነገሩ የሚጀምረው ከአቶም ነው፣ በእንግሊዝኛ «አስትሮ ቦይ» ከሚባለው የሮቦት ልጅ። ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1952 በሥዕላዊ ታሪክ ጀመረው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ጀምሮ ደግሞ በቴሌቪዥን ታየ። ሰው የሚያስታውሰው የመቶ ሺህ ፈረስ ጉልበቱንና በእግሩ የሚተፋውን እሳት ነው። አነሳሱ ግን ሐዘን ነው። ዶክተር ቴንማ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣል። የልጁን መልክ የያዘ ሮቦት ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ግን ሮቦቱ እንደማያድግ ያስተውላል። ቁመቱ ያው ነው። ይበሳጫል፣ ለሰርከስ ይሸጠዋል።

ልብ በል፣ ይህ የልጆች ፕሮግራም ነው። ገና ከመነሻው የበደለው ሠሪው ነው፣ የተሠራው አይደለም። ከዚያ ወዲህ አኒሜ ከሠሩት ብዙዎቹ ይህን እያዩ ያደጉ ናቸው።

ብዙ ሰው በሺንቶ ያብራራዋል፤ ዛፍም ድንጋይም መንፈስ አለው ከሚለው እምነት። ድርሻ አለው፣ ግን ብቻውን አያጠግበኝም። እኔ ይበልጥ የሚገባኝ የአይቦ ታሪክ ነው። አይቦ ሶኒ በ1999 ያወጣው የሮቦት ውሻ ነው። በ2006 ማምረቱ ቆመ፣ በ2014 ጥገናውም ቀረ። ከዚያ በቺባ ግዛት፣ ኢሱሚ ከተማ ያለ ኮፉኩጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለተበላሹት ውሾች የስንብት ጸሎት ማድረስ ጀመረ። ውሾቹ መሠዊያው ፊት ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ላይ ከየትና ከማን ቤት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ታስሯል። መነኩሴው ዕጣን ያጨሳል፣ ይጸልያል። ከጸሎቱ በኋላ ነው ደህናው አካላቸው ወጥቶ ለሌላ ውሻ መለዋወጫ የሚሆነው። መጀመሪያ ስንብቱ፣ ከዚያ መፍታቱ። ሳሚን የጻፈው ሰው ያደገበት አገር ይህ ነው።

በረካ

ወንድሜ፣ የቡናው ነገር ለምን እንዳልለቀቀህ እኔ የማውቅ ይመስለኛል።

አረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን አኒሜ ያሳየችኝ ከተመለስኩ በኋላ የእህቴ ልጅ ናት። የሮቦት ነገር ብዙም አይስበኝም ነበር። ሳሚ ስኒውን አስቀምጣ ወደ ኋላ ስትል ግን ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። እጅ ከፊት ተጣምሮ፣ ዓይን ወደ ስኒው፣ ጆሮ ወደ ሰውዬው።

የእነሱን ቡና በየቀኑ አፈላ ነበር። የማዳም እናት አሮጊት ነበሩ፣ ከአልጋ ብዙም አይነሱም። አንድ ቀን ቡናውን ከለመዱት ትንሽ አጠቆርኩት፣ ሄሉንም ሁለት ፍሬ ጨመርኩበት። ማንም አላዘዘኝም። እናቴ ቤት የምናፈላው ጠቆር ያለ ነው፣ እሱ ናፍቆኝ ነው። አሮጊቷ ፉት አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ ምን አደረግሽበት?» አሉኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስለሠራሁት ነገር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤቱ ያወጣልኝን ስም ትተው «እውነተኛ ስምሽስ ማን ነው?» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሳቸው ለብቻ አፈላላቸው ነበር።

ቀለበቱን ሳይ ደግሞ ዩኒፎርሜን አስታወስኩ። ግራጫ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው። ሞል ስንሄድ ግዴታ ነው። ልጅ ታቅፌ ከኋላ ስሄድ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቀኛል። ማንነቴን ሳይሆን ምንነቴን።

ካፌው የእኛ አርብ ነው። ከሦስተኛ ዓመቴ ጀምሮ አርብ እረፍት ተሰጠኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት አንዲት ሀበሻ ምግብ ቤት። ነጠላ ለብሰን ስንገባ ማን ሠራተኛ፣ ማን ነርስ፣ ማን ባለ ሱቅ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ የምትስቅ ጓደኛ ነበረችኝ። ተረኛ፣ አኪኮን ታስታውሳታለህ አይደል? ካፌው ውስጥ እየዘለለች የምታወራውን ልጅ፣ በኋላ ቀለበቷ በርቶ ፊቷ ድርቅ ብሎ የምናገኛትን? እኔ ያቺን ጓደኛዬን አንድ ሰኞ ሊፍት ውስጥ አገኘኋት። እሷ ከማዳሟ ጋር፣ እኔ ከማዳሜ ጋር። ሁለታችንም ዩኒፎርም ለብሰናል። ሰላም አልተባባልንም። የእሷ ጣት ብቻ የያዘችው ዘንቢል ላይ ሦስቴ መታ መታ አደረገ። አርብ ስንገናኝ ጠረጴዛ የምንመታው እንደዚያ ነው።

ይህን የጻፈው ሰው እኛን አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሊፍቱን ያየ ነው የሚመስለኝ።

ታቺኮማ_9

በረካ፣ ሁለቴ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ይከብደኛል፣ በቅንነት ልናገረው። እህቶቻችን ሰዎች ናቸው። ሳሚ ብትበደል የሚጎዳ ሰው የለም፣ የተሠራች ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በእናንተ ላይ የደረሰው በደል የሚቀል ይመስለኛል።

ለተረኛ ግን፣ ሁሉም እንዲህ ለስላሳ እንዳይመስልህ። በማሞሩ ኦሺ «ጎስት ኢን ዘ ሼል» (1995) አንድ ፕሮግራም ከተሰባበረ ሰውነት ውስጥ ሆኖ ሕያው ነኝና ጥገኝነት ስጡኝ ይላል። አይሆንም ሲሉት የእናንተም ዲኤንኤ ራሱን ለማቆየት የተሠራ ፕሮግራም ነው ይላቸዋል። በ2004 የወጣው ቀጣዩ፣ «ኢኖሰንስ»፣ ይከብዳል። እዚያ አሻንጉሊቶቹ ሕያው እንዲመስሉ የታፈኑ ሕፃናት ሴቶችን ነፍስ ይቀዱባቸዋል። ሌሊት ለብቻህ አትየው።

እኔ የምወደው በ2002 የጀመረውን የ«ጎስት ኢን ዘ ሼል»ን የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። ታቺኮማ የሚባሉ ሰማያዊ፣ ሸረሪት የሚመስሉ ተዋጊ ማሽኖች አሉ፣ ድምፃቸው የሕፃን ነው። ያዩትን ሁሉ እርስ በርስ ስለሚጋሩ ትውስታቸው አንድ ነው። ስለዚህ ልዩነት ሊኖራቸው አይገባም ነበር። ባቱ የሚባለው ወታደር ግን ለሚወዳት አንዷ የተፈጥሮ ዘይት ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ ጸባያቸው መለያየት ይጀምራል። አለቃቸው ይህን ስታይ ትሰጋለች፣ መሣሪያ ሊያመነታ አይገባም ትልና ወደ ላቦራቶሪ ትመልሳቸዋለች። መጨረሻ ላይ ባቱ ሊገደል ሲል ሦስቱ ከያሉበት ይመጡለታል። ማንም አልጠራቸውም። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እየው።

በረካ

ወንድሜ ታቺኮማ፣ የከበደህ ገብቶኛል። እኔንም መጀመሪያ ከብዶኛል፣ ግማሽ ላይ አቁሜው ነበር። እኔ ያለቀስኩት ግን ለሳሚ አይደለም። ለሪኩኦ ነው። ቡናው መለየቱን አውቆ፣ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሲከለከል። ማዳሜም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ያደርጋት ነበር። ልጇ ታሞ ሌሊቱን አብረን ያደርን ጊዜ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ የሆነ ነገር ልትል ነበር። ከዚያ ወለሉ አልተጠረገም አለች።

ደግሞ የሪኩኦን ጓደኛ የማሳኪን ሮቦት አትርሱት። አባትየው እንዳይናገር ያዘዘውን። ስንት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ! በመጨረሻ ሲናገር የእህቴን ልጅ እጅ ይዤ ነበር።

የምሽት_ተረኛ

እህቴ በረካ፣ ያንቺን ጽሑፍ ያነበብኩት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ደግሜ ከፈትኩ። በመጀመሪያ ጊዜ የስኒውን እንፋሎት ነበር ያየሁት። አሁን እጇን አየሁ። ልክ እንዳልሽው ነው።

አቶም፣ ታቺኮማ፣ የነገራችሁኝን ሁሉ መዝግቤአለሁ። «ኢኖሰንስ»ን ቀን ላይ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ የማይመችሽ ከሆነ ተዪው። ሊፍት ውስጥ ያገኘሻት ጓደኛሽ አሁን የት ናት?

በረካ

እዚሁ አዲስ አበባ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጎረቤታሞች ነን። አኒሜውን አብረን እያየነው ነው፣ ለእኔ ሁለተኛዬ ነው። እሷ ሰብታይትሉ ስለሚፈጥንባት እያቆምኩ አነብላታለሁ። ገና አኪኮ ቀለበቷን አድርጋ የምትታይበት ጋ አልደረስንም። ነገ ከቡና በኋላ ነው።