ለካርቡሬተር መኪና የነዳጅ ፍጆታ መከታተያ፦ የቱን ልግዛ? የትስ ላስገጥም?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ባለ 1.3 ሞተር ቶዮታ ዲኤክስ ነው፣ ካርቡሬተሩ የጥንቱ። እየነዳሁ ቤንዚን ምን ያህል እንደምትበላ የሚያሳየኝ ዕቃ ሶማሌ ተራ ስጠይቅ ሦስት ነገር ተጠቆመልኝ፦ ቫኪውም ጌጅ፣ በስልክ የሚነበብ ስካነር፣ የቤንዚን ቱቦ ላይ የሚገባ ቆጣሪ። ለእንዲህ ያለ መኪና የሚሆነው የቱ ነው? የት ይገጠማል? ቁጥሩስ እንዴት ይነበባል?

መልስ፣ ከሜካኒክ

እህቴ፣ ስካነሩን ከወዲሁ ተይው። ስካነር የሚያነበው የመኪናውን ኮምፒውተር ነው። ዲኤክስ፣ ቮልስ፣ የድሮ ላዳ ኮምፒውተርም የላቸውም፣ ዕቃው የሚሰካበት ሶኬትም የላቸውም። «ማገናኛ ሽቦ አለው» ተብሎ ቢሸጥልሽ እንኳ በዚያ ሽቦ የሚመጣ መረጃ የለም።

የእኔ ጥቆማ ቫኪውም ጌጅ ነው። ከሦስቱ ርካሹ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለመብራቱ ብቻ ነው፣ በትክክል ከተገጠመም ዓመታት ያገለግላል። የሚለካው ሞተሩ በማኒፎልዱ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቧንቧ) ውስጥ አየር የሚስብበትን ኃይል ነው። መርገጫውን ለቀቅ ስታደርጊ መርፌው ይወጣል፣ ስትጫኚው ይወርዳል፣ እስከ ወለሉ ስትረግጪው ዜሮ አካባቢ ይደርሳል። ሊትር አይነግርሽም። እግርሽ በዚያች ደቂቃ ቤንዚን እያባከነ መሆን አለመሆኑን ግን ከምንም ዕቃ ፈጥኖ ይነግርሻል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጋራዥ ይሳሳታል። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ወደሚያከፋፍለው) ከምትሄደው ቀጭን ቱቦ ላይ ቀጥለው ያስረክቡሻል። ያ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከካርቡሬተሩ ቢራቢሮ (መርገጫው ከሚከፍተው የአየር በር) በላይ ስለሆነ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ጌጁ ምንም አያሳይም። ዲኤክስ ላይ ትክክለኛው ቦታ ከማኒፎልድ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን አጋዡ) የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ነው። የ«ቲ» ማገናኛው መግባት ያለበት በማኒፎልዱና አየር ወደ ኋላ በማያስመልሰው ቫልቭ መካከል ነው። ከቫልቩ በኋላ፣ በሰርቮው በኩል ከገባ ጌጁ ሰርቮው ውስጥ የቀረውን ያነባል፣ ፍሬንሽንም ለአደጋ ያጋልጣል። ከ«ቲ» ወደ ጌጁ የሚሄደው ቱቦ ውስጡ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ሙቀት የሚችል የቫኪውም ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ግልጽ የውኃ ላስቲክ እንዳይገጥሙልሽ። ሞተር አጠገብ ሲሞቅ ይለሰልስና በመሳቡ ኃይል ተጣብቆ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቅና አየር ያስገባል። አየር ካስገባ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንገዳገዳል፣ ሰውም ካርቡሬተሩ ተበላሸ ይልሻል። ቱቦው ጋቢና የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አድርጉበት፤ ቆርቆሮው ቱቦውን ይቆርጠዋል። መርፌው ዝም ብሎ የሚርገበገብ ከሆነ ቱቦው ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማጥበቢያ ማስገባት ያረጋጋዋል።

ንባቡን በተመለከተ ይህን በደንብ ያዢው። ጌጁ ላይ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም የተሠራው ለባሕር ዳርቻ ከፍታ ነው። እዚያ ጤነኛ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ፣ የመሳቡ ኃይል መለኪያ) ያሳያል። ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ስንል በግምት 1 ኢንች ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 8 ኢንች ያህል ቀንሺ፤ እዚህ ከተማ ላይ ከ9 እስከ 13 ካነበበ ሞተሩ ደህና ነው። አዳማና ሐዋሳ ስትወርጂ ከ12 እስከ 15 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው 11 ላይ ያለ መርፌ አይቶ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ሊልሽ ይችላል። እንዳትሰሚው።

ለጥ ባለ መንገድ በ60 ስትነጂ መርፌው ከ7 እስከ 10 አካባቢ ይቆይልሽ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጪ 3 እና ከዚያ በታች መውረዱ አይቀርም። እዚያ ላይ ማርሽ ቀንሺና መርገጫውን ለቀቅ አድርጊ፤ ፍጥነቱ ሳይጎድል መርፌው 2 ወይም 3 ኢንች ሲወጣ ታያለሽ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የቶዮታ ካርቡሬተር ውስጥ የመሳቡ ኃይል ሲደክም የሚከፈት ተጨማሪ የቤንዚን መንገድ አለ። ለዳገትና ለመቅደም የተሠራ ነው። በከፍታ ላይ የመሳቡ ኃይል ቀድሞውኑ ዝቅተኛ በመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ መንገድ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። በአራተኛ ማርሽ ዳገት የሚገፋ ሰው የሚያቃጥለው ተጨማሪ ቤንዚን አብዛኛው በዚያ በኩል የሚያልፈው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁልቁለት ላይ መርፌው በጣም ሲወጣ ብታዪ ቤንዚኑ ቆመ ማለት አይደለም፤ ካርቡሬተር በትንሿ መንገዱ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ይህን ሰምተው ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፉ አሉ። በፍጹም አታድርጊው። ሰርቮው ባዶ ሲሆን ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ቁልፉ ከተጠመዘዘ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

መልስ፣ ከኤሌክትሪሺያን

ጋሼ ስለ ጌጁ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ ቱቦው ቆጣሪ ግን ልናገር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ዋይኤፍ-ኤስ201 የሚባለው የፕላስቲክ ቆጣሪ የውኃ ነው። የሚለካው በደቂቃ ከ1 እስከ 30 ሊትር ነው። የአንቺ መኪና ቆማ ስትሠራ በሰዓት 1 ሊትር አካባቢ ነው የምትጠጣው፣ ይህም በደቂቃ 17 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። በ60 እና በ70 ስትሄድ እንኳ በሰዓት 5 ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ 83 ሚሊ ሊትር። ያ ቆጣሪ በዚህ መጠን መዘወሪያው ንቅንቅ አይልም። ከዚያ የከፋው ደግሞ ፕላስቲኩና ጎማው ለቤንዚን አልተሠሩም፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ሞተር ላይ ያፈስሳል። እሳት ነው።

መግዛት ካለብሽ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ለቤንዚን የተሠራ ነው ወይ፣ አካሉ ብረት ነው ወይ፣ ከስንት ጀምሮ ይለካል። ዝቅተኛው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ከፍተኛው 25 ሊትር አካባቢ ከሆነ ለ1.3 ሞተር ይበቃል። የሚገጠመው በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ነው። ፓምፑ ላይ ሦስት ቧንቧ ካየሽ አንዱ ወደ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) የሚመልስ ነው። ቆጣሪው ከፓምፑ በፊት ከገባ የሚመለሰውንም ይቆጥርና ፍጆታሽን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በሞተሩ የሚነዳው ፓምፕ ቤንዚኑን የሚልከው እየተፋ ስለሆነ መዘወሪያው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዝና ቁጥሩ ይጋነናል። ከፓምፑ በኋላ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮው በኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የቤንዚን ጎማ፣ ከዚያ ቆጣሪው ቢሆን ግፊቱ ይረጋጋል። መጋጠሚያው ሁሉ በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ይታሰር፣ በሽቦ አይሆንም።

የጭስ ኦክስጅን መለኪያም የሚጠይቁ አሉ። ባለ ሰፊ ንባቡ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የሚነግርሽ ሊትር ሳይሆን የአየርና የቤንዚኑን ሚዛን ነው። 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን ልኩ ሚዛን ነው፤ ለጥ ባለ መንገድ 15 ቢሆን ጥሩ፣ ዳገት ላይ 12.5 እስከ 13 ይጠበቃል። ለጥ ባለ መንገድ 12 ካነበበ ካርቡሬተሩ ያለ ልክ እያፈሰሰ ነው። ከማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) በፊት የጭሱ ቧንቧ ተበስቶ 18 በ1.5 ጥርስ ያለው ቀለበት ይበየዳል። ቧንቧው ከዚያ በፊት ቀዳዳ ካለው አየር ገብቶ ንባቡን ያሳስታል። ለዕለት መንዳት ብቻ ከሆነ አልመክርሽም፣ ውድ ነው። በምትኩ የጭስ መመርመሪያ ያለው የቴክኒክ ምርመራ ጣቢያ ሄደሽ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አስለኪ። ቆማ ስትሠራ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ደህና ነው፤ ከ4.5 ካለፈ ቤንዚን በዝቷል።

መልስ፣ ሒሳብ ለሚወድ

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ሦስት ጊዜ ቤንዚን እስክትቀጂ ድረስ መዝግቢ፤ ካለዚያ የገዛሽው ዕቃ ምን እንዳተረፈልሽ የምታነጻጽሪበት የለሽም። አንድ ማደያ፣ የሚቻል ከሆነ አንዱን ማሽን ምረጪ። ቀጂው መጀመሪያ ጠቅ ሲል ያቁም፤ እስከ አፉ አይሙላ። ኪሎ ሜትሩን ጻፊ። ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ እዚያው ተመልሰሽ ሙይ። 315 ኪሎ ሜትር ሄደሽ 27.4 ሊትር ከገባ በሊትር 11.5 ኪሎ ሜትር ነው። የሦስቱን አማካይ ውሰጂ። ደህና ዲኤክስ ከተማ ውስጥ ከ9 እስከ 11፣ ረጅም መንገድ ላይ ከ13 እስከ 15 ብትሰጥ እኔ ረክቻለሁ እላለሁ።

የምትጽፊው ሊትር ይሁን። በቴሌብር የከፈልሽው ብር ስልክሽ ላይ ይቀመጣል፤ የዋጋ ማስተካከያ በመጣ ቁጥር ግን ብሩ ስለሚለዋወጥ በዕለቱ ዋጋ አካፍለሽ ሊትሩን አስቀምጪ። ማለዳ ከቀዳሽ ሁልጊዜም ማለዳ ቅጂ፤ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ልዩነት 1 በመቶ ያህል ይሰፋል።

የመኪናዋን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አትመኚ። ጎማ ተቀይሮ ከሆነ ይዋሻል፦ በ155 ባለ 13 ፋንታ 185/70 ባለ 13 ከተገጠመ ወደ 2 በመቶ አሳንሶ ይቆጥራል። ማስተካከያው ቀላል ነው። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የኪሎ ሜትር ምልክቶቹን ተከትለሽ 50 ኪሎ ሜትር ንጂ። ቆጣሪሽ 52 ካለ ንባቡን ሁሉ በ0.96 አባዢ። ፍጆታ ለመለካት ግን በዚያ መንገድ መሄጃውን ብቻ እንዳትወስጂ፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ ከፍታው ስለሚወርድ ቁጥሩ ያማልላል። ሄደሽ ተመልሰሽ ነው የሚታመነው።

መልስ፣ ከሜካኒኩ በድጋሚ

የምዝገባው ነገር ትክክል ነው። በሊትር ከ8 ኪሎ ሜትር በታች ከመጣ ጌጅ ከመግዛትሽ በፊት መኪናዋን አስመርምሪ።

ፈጣኑ ምርመራ ይህ ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ በዓይን ይታይ። 500 ሚሊ ሊትር ቤንዚን በቤንዚን ጀሪካን ተለክቶ የፓምፑ መግቢያም መመለሻውም እዚያ ውስጥ ይግባ፣ በፓምፑና በካርቡሬተሩ ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር ለማስወጣት ትንሽ ይሥራ፣ ከዚያ መልሶ 500 ተሞልቶ ልክ 10 ደቂቃ ይሥራ። ጤነኛ 1.3 ሞተር ከ130 እስከ 170 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል። 250 ከጨረሰ ቆሞም እያፈሰሰ ነው። ሃይላንድ ኮፈን ሥር ማንጠልጠል የተለመደ ቢሆንም እንዳትፈቅጂ፤ ጀሪካኑ መሬት ላይ፣ ከጭሱ ራቅ ብሎ፣ ደጅ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይሁን።

ካፈሰሰ መጀመሪያ የሚታየው የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊና የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ ናቸው። ሞተር ጠፍቶ ጉሮሮው ውስጥ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ መርፌው አልዘጋም። ቀጥሎ ጂግለሩ፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን። ሲዘጋ በሽቦ የሚጎረጉሩት ጋራዦች አሉ፣ ነሐስ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.10 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ 1.15 ሲሆን የሚያሳልፈው ቤንዚን በ9 በመቶ ይጨምራል። በፈሳሽ ማጽጃና በአየር ብቻ ነው የሚጸዳው። እንዲያውም ለአዲስ አበባ ከፍታ መጥበብ ነው ያለበት፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ 12 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል። በ1.10 ፋንታ 1.05 ማድረግ ይበቃል። የተነሣውን አትጣዪው፤ ወደ አፋር ቆላ የምትወርጂ ከሆነ ይመለስ፣ ካለዚያ ሞተሩ ያለ ልክ ይሞቃል።

ለቮልስ ባለቤቶች፦ ሰርቮ ስለሌለ ከካርቡሬተሩ ሥር ማኒፎልዱ ተበስቶ ትንሽ ኒፕል ይገባል። ማኒፎልዱ ይውረድ፣ በቦታው እንዳለ ከተበሳ ፍቅፋቂው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

የጠያቂዋ መልስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጌጁን በተባለው ቦታ አስገጥሜአለሁ። ቆማ ስትሠራ 11 ላይ ናት፤ ግን በየጊዜው በእኩል ርቀት 2 ኢንች ወርዶ ይመለሳል። ቱቦው ነው?

መልስ፣ ከሜካኒኩ

ቱቦ አይደለም እህቴ። ቱቦ ቢሆን ንባቡ ዝቅ ብሎ ይቀር ነበር። በእኩል ጊዜ ወርዶ የሚመለሰው አንድ ሲሊንደር ሲጎድል ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ፣ በጎማ መያዣ ይንቀሉ። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ የማይለወጠው ሲሊንደር ጥፋተኛው እሱ ነው። መጀመሪያ ካንዴላውንና ሽቦውን ከሌላው ጋር አቀያይሩ። ጥፋቱ አብሮ ከሄደ ዕቃው ነው፤ እዚያው ከቀረ ኮምፕሬሽን ይለካ፣ ከዚያ በፊት የቫልቩ ክፍተት ይታይ። ጠብቆ የማይዘጋ ቫልቭ በሁለት ቁልፍና በአንድ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ይስተካከላል፤ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ማውረድ አያስፈልግም።