ለጥምቀት አገልግሎት ስካውቶቹ አበል ይቀበሉ?

የቀሃ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር 28 ልጆች ያሉት የስካውት ቡድን እመራለሁ። ጥር 10 እና 11 ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አካባቢ እንድናገለግል ተጠይቀናል። አንድ ስፖንሰር ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን 200 ብር አበል እከፍላለሁ ብሏል። ወላጆች ደስ ብሏቸዋል፣ እኔን ግን ከነከነኝ። እምቢ ብል ደግሞ ልጆቹ እንዳይቀሩ እሰጋለሁ። ምን ትላላችሁ?

የድሮ ስካውት፦
ቢከነክንህ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የመጀመሪያው የስካውት ሕግ 5ኛ አንቀጹ ላይ፣ ስካውት ላደረገው እርዳታ ዋጋ አይቀበልም ይላል። ልጁ ይራብ ማለት ግን አይደለም። ውሃ፣ ምሳና የባጃጅ ወጪ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። ስፖንሰሩን በዓይነት ስጠን በለው። ብር ካልሆነ ካለ በደረሰኝ ለቡድኑ ገቢ ይሁን፣ ሲወጣም ሁለት ሰው ይፈርም፤ ለገመድና ለመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይዋል። በየኪሱ ከገባ ግን፣ በሚቀጥለው ችግኝ ተከላ ላይ «አበሉስ?» መባሉ አይቀርም።

ሰባት ሰባት፦
ይቀራሉ ያልከው ላይ አልስማማም። ልጅ የሚቀረው ሁሉን ነገር አዋቂ ሲጨርስበት ነው። 28ቱን 4 ፓትሮል (የራሱ መሪ ያለው ትንሽ ቡድን) አድርጋቸውና ፈረቃውን የፓትሮል መሪዎቹ ያውጡት። አንተ የቦታውን ንድፍ ዘርግተህ ዝም በል (ከባዱም ይሄ ነው)። ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ ፈረቃ ካወጡ ብቻ መልስባቸው፤ ፀሐዩ አያስችልም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቁሙ። የጠፋ ሕፃን ሲያገኙ አንዱ እዚያው አብሮት ይቆይ፣ ሌላው መሪ ይጥራ። ሕፃኑን ይዘው ፍለጋ ከዞሩ እናትየው ወደ ተለያዩበት ቦታ ስትመለስ ታጣዋለች። ቀደም ብለው ሜዳ ላይ ይለማመዱት።

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ማዶ፦
ጠበሉ ተባርኮ ወጣቱ ወደ ውሃው መዝለል ሲጀምር ስካውቶችህ ከጠርዙ ይራቁ። ግፊያ መግታት የፖሊስ ሥራ ነው፤ ገመድ የያዘ የ13 ዓመት ልጅ አያቆመውም፣ አብሮ ይገባል እንጂ። ሙስሊም ልጆች ካሉህም፣ ለፈጣሪ ያለባቸው ግዴታ በየራሳቸው እምነት ነው። ወላጆቻቸውን ጠይቅ። ከፈቀዱ መንገድ ላይ ውሃ ማደል ይመደቡ፤ አልፈልግም ያለውን ልጅ ሰልፍ ፊት ለምን አትበለው።

የቀሃ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ውሃና ዳቦ እጠይቀዋለሁ። ለወላጆቹ በደብዳቤ ላሳውቅ?

የድሮ ስካውት፦
በስብሰባ ይሻላል፣ ልጆቹም ባሉበት። ደግሞ ብሩ ሳይመጣ።