ኤስቲአይዬን ሸጬ ካምሪ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 2018 ሱባሩ ኤስቲአይ የስፖርት መኪና አለኝ፤ ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል፣ 2.5 ሊትር ቱርቦ። ሦስት ዓመት ሌሊት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ነው የገዛሁት። አሁን ቤቴ ዉድብሪጅ ቨርጂኒያ፣ ሥራዬ ዲሲ ነው። ጠዋት አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ቁም፣ እንደገና አንደኛ። ማታ ደረጃ ስወጣ ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ቅዳሜ ጉድጓድ ላይ ስናልፍ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች፤ ምንም አላለችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ ላይ በሰዓት 35 ማይልም ቢሆን መሪው እጄ ላይ የሚሰጠኝን ስሜት ሳስበው ደግሞ ሆዴ ይባባል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ በጋሎን በአማካይ 19 ማይል ነው፣ ያውም በፕሪሚየም ቤንዚን። በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (ኤልኢ የሚባለው ዓይነት) 50 ያልፋል፣ መደበኛው ቤንዚን ይበቃዋል። በዚያ መንገድ ልዩነቱ የዳይፐር ወጪ ይሸፍናል።

መልስ፦ አትሽጠው! ኤስቲአይ ከ2021 ሞዴል በኋላ አሜሪካ ውስጥ አልወጣም። አሮጌ ኮሮላ ጨምርበት።

ጠያቂው፦ አፓርታማችን ያለው አንድ ፓርኪንግ ብቻ ነው፤ ሁለት ኢንሹራንስም አንችልም።

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ የሚያንገጫግጫችሁ ጠንካራው ሞላና የ19 ኢንች ቸርኬው ስስ ጎማ ነው። ካምሪም ስትመርጥ ባለ 16 ኢንቹን ያዝ፤ ይለሰልሳል። ለሙከራ ስትነዳ ባለቤትህም ትኑር፣ ያንኑ ጉድጓድ እለፉበት።

ጠያቂው፦ እሺ እህቴ፣ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።