ለእናቴ ቤት የማያንሸራትት ወለል ለመምረጥ ምክር እሻለሁ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የምትኖረው እናቴ፣ ስትሮክ ካጋጠማት ወዲህ ግራ እግሯን እየጎተተች በዎከር ትንቀሳቀሳለች፤ ሲደክማትም ዊልቸር ትጠቀማለች። ወለሉ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ በመሆኑ ጥቂት ውሃ ሲፈስበት ክፉኛ ያንሸራትታል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍም የዎከሩን የፊት እግሮች እየያዘ ያስቸግራታል። ምንጣፍ ማንጠፉን ትቼዋለሁ፤ ጠርዙ እግር ይጠልፋል፣ የዊልቸሩንም ጎማ ይይዛል። በዓል ሲመጣ ቄጠማ ሳይጎዘጎዝ ቅር ይላታል፣ እርጥብ ቄጠማ ግን እጅግ ያሰጋኛል።

አሁን የማመነታው በነባሩ ሴራሚክ ላይ በሚለጠፍ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ) እና ገጹ ሻካራ በሆነ አዲስ ሴራሚክ መካከል ነው። ፒቪሲው ለስለስ ስለሚል ወደ እሱ አደላለሁ፤ ሆኖም የሴራሚኩ መጋጠሚያዎች በሚገባ ሳይሞሉ ከተለጠፈ መስመራቸው ከላይ መታየቱ፣ እርጥበት ሲገባውም ጠርዙ መላቀቁ አይቀርም። የሴራሚክ ያለማንሸራተት ደረጃ ከአር 9 እስከ አር 13 (ቁጥሩ ከፍ ሲል ማንሸራተቱ ይቀንሳል) እንደሚመደብ ባውቅም፣ መርካቶ ያነጋገርኳቸው ሻጮች ምልክቱን ካርቶኑ ላይ ሊያሳዩኝ አልቻሉም።

በሥራው ያላችሁ፣ ደረጃው ያልተጻፈበትን ሴራሚክ ከመግዛቴ በፊት በምን ልፈትነው? ደፉ ቢነሳስ ውሃው ወደ ሳሎን እንዳይወጣ የወለሉን ተዳፋት እንዴት ማስተካከል ይቻላል? በተለይ እንዲህ ባለ ቤት የሠራችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።